የቲቸር ጽጌ ቀኖና

ጽጌ ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላት ከባድ ኃጢአት የለብኝም ብላ ታምን ነበር። አትሰርቅም፣ አትዋሽም፣ ጾም አትገድፍም። ሐሜት እንኳ አታውቅም፤ ያሰበችውን ሁሉ ፊት ለፊት ስለምትናገር ለሐሜት የሚተርፍ ነገር አይኖራትም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ጡረታ የወጣችው ግን ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማረሙ አልነበረም። ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤቷ ተነስታ ፈረስ መጋላ አደባባይ እስክትደርስ ያላረመችው ሰው ቢገኝ፣ ያ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ ያልወጣ ነው። «ሠላም ዳቦ ቤት» የሚለውን ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ትገባና፣ ሰላም በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ ሠ እንደማይጻፍ ለባለቤቱ ታስረዳዋለች። ባለቤቱም «እሺ ቲቸር» ይልና ዳቦዋን ይሰጣታል፤ ማስታወቂያው ግን እንዳለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዲያቆኑ አንድ ስም ሲስት ከሴቶች በኩል የሚሰማው ድምፅ የእሷ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ኒቆዲሞስ በበዓል ቀን ንግግር አድርገው ሲወርዱ ሁሉም ሲያጨበጭብ፣ እሷ ጠጋ ብላ ከዓረፍተ ነገሮቻቸው ሦስቱ ማሰሪያ አንቀጽ እንደሌላቸው ነግራቸዋለች።

ድሮ የነፍስ አባቷ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ኑዛዜዋን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴም ያንኮራፋሉ። ስትጨርስ «ይፍታሽ» ብለው ይሸኟታል። ነሐሴ ላይ አረፉ። ደብሩ በምትካቸው ቀሲስ ኡራኤልን ሰጣት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም፣ ሦስተኛ ክፍልን ያስተማረችውም እሷ ናት። ጽጌ የምታስታውሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውጪ የሚያልፉትን አህዮች ሲያይ የሚውል ልጅ ነው። አሁን ይህንን ልጅ «አባቴ» ልትለው ነው።

የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ንስሐ ልትገባ ሄደች። ኡራኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት።

«ይናገሩ፣ ልጄ» አላት።

«ልጄ» ሲላት ጥርሷን ነከሰች። ቢሆንም ተናዘዘች። አንድ ረቡዕ ሳታውቅ ወተት ያለበት ብስኩት በልታለች። አንድ እሁድ ቅዳሴ ላይ አርፍዳለች። በቃ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«በቃል የበደሉት ሰው?»

«እኔ?» አለች ጽጌ። «እኔ ሰው አርማለሁ እንጂ ሰው አልበድልም።»

ኡራኤል መስቀሉን ጭኑ ላይ አስተካክሎ ቀኖናውን ሰጣት፤ ከነገ ጀምሮ እስከ ገና ድረስ ማንንም ሰው እንዳታርም።

ጽጌ መጀመሪያ የቀለደ መሰላት።

«ስግደት ስጠኝ» አለች፤ ከዚያ ራሷን አርማ «ይስጡኝ።»

«ጉልበትዎን ያምዎት የለም?»

«ሦስት መቶ እሰግዳለሁ፣ ጉልበቴም ይሰንጠቅ! ጾሙን በውኃና በቆሎ ብቻ ላሳልፍ። ደጁን በየቀኑ ልጥረግ።»

«እነዚህን ሁሉ ይወዷቸዋል» አለ ኡራኤል። «የሚወዱትን ማዘዝ ደግሞ ምን ይጠቅማል?»

«ሰው ዓይኔ እያየ ሲሳሳት?»

«እሳት ቢነሳ ይጩኹ። ሰው ሊሞት ከሆነ ይናገሩ። ሌላውን ይለፉት።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ እየተንገበገበች ነው። መንገድ ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገረች። «ጌታዬ፣ አንተ ብታዘኝ እሺ ነበር፤ ከአንተ ጋር ችግር የለብኝም። ይሄ ግን ኡራኤል ነው። ማካፈል አቅቶት ክፍል የደገመ ልጅ ነው። ስታዝ በሰው እጅ ከምትልክብኝ ምናለ በቀጥታ ብትነግረኝ?» በር እስክትከፍት ድረስ መልስ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ይግባኙ ውድቅ ሆኗል ማለት ነው ብላ ገባች።

የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ የባሰ ነበር። የደም ግፊቷን ልትለካ ወደ አዲሱ ከተማ ክሊኒክ በአብዱላሂ ባጃጅ ሄደች። አብዱላሂ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የጥንት ደንበኛዋ ነው። ሲታጠፍ «ቀስ!»፣ ጥሩንባ ሲነፋ «ለምን?»፣ ሬዲዮ ሲከፍት «ቀንስ!» እያለችው ስምንት ዓመት ነድቶላታል። ዛሬ ዝም አለች። አብዱላሂ በመስታወቱ አያት። ሆን ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ዝም። በተሳሳተ በኩል ታጠፈ። ዝም፤ እጇ ብቻ የወንበሩን ብረት ጨምድዶ ይዟል።

ባጃጁን ጥግ ይዞ አቆመ።

«አቦ ቲቸር፣ አሞዎት ነው እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ንዳ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይበሉኝ! ዝም ሲሉኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ክሊኒክ ስትደርስ ነርሷ ለካቻትና ፊቷን አኮማተረች። ግፊቷ ካለፈው ወር በሁለት መስመር ጨምሯል።

ጎረቤቷ ዘምዘም ነገሩን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። የሁለቱ ግቢ የሚለየው በአንድ ግንብ ነው፤ ልጆቻቸውንም አብረው አሳድገዋል።

«ሱብሓነላህ! እኛ አርባ ዓመት ዱዓ አድርገን ያቃተንን አንድ ቄስ በአንድ ቀን? ወላሂ ይህን ሰውዬ ወደኛ መስጊድም ይላኩልን!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘምዘም መጫወቻ አደረገቻት። ሐሙስ ቀን በግንቡ በኩል ብቅ ብላ «ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል፣ ጽጌ?» ትላለች። ጽጌ ከንፈሯን ነክሳ «የአላህ ቀን ነው» ትላታለች። ሌላ ቀን ደግሞ ስምንት ሲባዛ በሰባት አርባ ስድስት ነው ብላ ተከራከረች፤ የሚከራከራት ግን አልነበረም። ጽጌ ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ «ሃምሳ ስድስት! ሃምሳ ስድስት!» ብላ ለትራስ ነገረችው። ትራስ ማረም በቀኖናው አልተከለከለም።

ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ ሰዎች ደፈሩ። ጎረቤቶቿ በፊቷ ልጆቻቸውን በፈለጉት መንገድ ቀጡ፣ በፈለጉትም መንገድ አቀማጠሉ። ዲያቆኑ ሦስት ስም በአንድ ገጽ ስቶ በእፎይታ ወደ ሴቶች በኩል ፈገግ አለ። አቶ ኒቆዲሞስ እሁድ ላይ ማሰሪያ አንቀጽ የሚባል ነገር ያልጎበኘው ንግግር ግማሽ ሰዓት አደረጉና ሲወርዱ ቆም ብለው ሰላም አሏት። ጽጌም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ምላሷ ላይ የቀረው ነገር እስከ ማታ ድረስ አቃጠላት።

በሦስተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሜሮን ደወለች።

ሜሮን ዳዊትን አግብታ አዲስ አበባ የምትኖር አንድያ ልጇ ናት። በየእሁዱ ትደውላለች፤ ሦስት ደቂቃ ታወራለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ዳዊት ደህና ነው፣ ቻው። ጽጌ ይህን ሦስት ደቂቃ የአዲስ አበባ ሰው ጥድፊያ ነው ስትል ኖራለች።

ዛሬም ሜሮን «ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ጀመረችና ቆመች፤ እንደሚያርሟት የምታውቅ ሰው አቋቋም ነበር። ጽጌ ምንም አላለችም። ሜሮን ቀጠለች። አሁንም ቆመች። አሁንም ዝም። እንዲህ እያለች ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ሄደች። ጽጌ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ከዳዊት ጋር አንኖርም» አለች ሜሮን። «ስምንት ወራችን ነው። ከጓደኛዬ ጋር ነኝ።»

ጽጌ አፏን ከፈተች። ዐሥር ነገር መጣላት፤ ዐሥሩም እርማት ነበር። አፏን ዘጋች።

«ሁለት ጊዜ እጁን አነሳብኝ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩትም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ጽጌ፤ ይህ ጥያቄ እንጂ እርማት አልነበረም።

«አምና ለፋሲካ ጀምሬልሽ ነበር እኮ። ‹እሱ እንዲህ ሲያደርገኝ› ብዬ ሳልጨርስ፣ ባል ላይ እንዲህ አይባልም፣ አባባልሽን አስተካክዪ አልሽኝ። አስተካከልኩታ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው አልኩሽ።»

ጽጌ ይህን አላስታወሰችም። ያመማትም ይኸው ነበር፤ ልጅቷ ይህን ሁሉ ወር የተሸከመችው ነገር በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ እንኳ አልነበረውም። ስልኩ ሲዘጋ ማውራት ከጀመሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ጽጌ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች፤ እንባዋ ሲደርቅ ደግሞ ተናደደች። የተናደደችው በዳዊት ነው፤ ቀጥሎ በራሷ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ የመስኮት አጠገብ ልጅ ልክ በመሆኑ።

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን፣ በቀኖናው በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ ኡራኤል ቤቷ መጣ። መስቀል አሳልሟት ሲያበቃ ወንበር ላይ በጫፉ ብቻ ተቀመጠ፤ ልክ ርዕሰ መምህር ዘንድ እንደተጠራ ተማሪ።

«ቲቸር» አለ። ከዚያ «ማለቴ፣ ወለተ ሥላሴ» ብሎ ወደ ክርስትና ስሟ ተመለሰ። «ቀኖናውን ልፈታልዎ ነው የመጣሁት።»

«ገና እኮ ገና አልደረሰም።»

«አልደረሰም። ግን የሰጠሁት በመንፈስ ቅዱስ አልነበረም። በቂም ነው።»

ጽጌ ነገሩን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ኡራኤል ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ነገራት። ሦስተኛ ክፍል ሳለ ጨ የምትባል ፊደል አትወጣለትም ነበር። አንድ ቀን ጽጌ ሰሌዳው ፊት አቁማው «ጫማዬ ጠበበኝ» የሚለውን እስኪያስተካክለው አሥራ አንድ ጊዜ አስባለችው። አሥራ አንድ ጊዜም «ጣማዬ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስሙ ጣማ ሆነ።

«ቀኖናውን የሰጠሁዎት ቀን ቤት ገብቼ ለዮዲ እየሳቅሁ ነገርኳት» አለ። ዮዲ ሚስቱ ናት። «እሷ አልሳቀችም። ‹ይሄ ቀኖና ነው ወይስ በቀል?› አለችኝ። ተቆጣኋት። ለሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስጣላ ቆየሁ። ትላንት የራሴ ንስሐ አባት ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸውም ሂድና ለሴትዮዋ ንገራት፣ ፍታትም አሉኝ።»

«ስለዚህ» አለች ጽጌ ቀስ ብላ፣ «ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ለእግዚአብሔር ታዘዝኩ ስል የታዘዝኩት ለጣማ ነው?»

«ይመስለኛል።»

ጽጌ ቤቱን የሞላ ሳቅ ሳቀች። ኡራኤል ደነገጠ። ሳቁ ሲያበቃ ስለ ሜሮን ስልክ ነገረችው፤ አንዱንም ሳታስቀር።

«ታዲያ እሱ የማን ሥራ ነው?» አለችው። «ያንተ ቂም ነው ልጄን ያናገረልኝ? ወይስ እግዚአብሔር የሚልከው ሰው ቢያጣ በቂምህ ተገለገለ?»

«አላውቅም» አለ ኡራኤል። «ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤታችን አላስተማሩንም።»

«ያንን ቀን አላስታውሰውም» አለች ጽጌ። «እውነቴን ነው፣ ጨርሶ። ይቅር በለኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አባቴ» የሚለው ቃል ሳይከብዳት እንደወጣ ሁለቱም አስተዋሉ።

ሲነሳ ጽጌ እጁን ያዘችው። «እኔ ግን እስከ ገና እቀጥላለሁ።»

«ፈታሁዎት እኮ።»

«ጀምሬዋለሁ።»

«ከፈታሁ በኋላ በግድ መቀጠል መታዘዝ አይደለም፣ ግትርነት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሲያስፈልግ ይናገሩ። ሳያስፈልግ ይተዉት።»

«የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ማን ይነግረኛል?»

«እግዚአብሔርን ይጠይቁ።»

«እሱማ መቼ ይመልሳል!» አለች ጽጌ። «አንተ ትሻላለህ፣ ብትሳሳትም ትመልሳለህ።»

ኡራኤል እየሳቀ ወጣ። ጽጌ ግን ያኔ ነው የከበዳት። ዝም በይ መባል ቀላል ነበር፤ አሁን በእያንዳንዱ ነገር ማሰብ ሊኖርባት ነው።

ሜሮን በታኅሣሥ አሥራ ሰባት መጣች። ከተማው ለቁልቢ በሚጎርፈው ምእመን ተጨናንቆ ስለነበር ለሰው ሁሉ ለገብርኤል መጣሁ አለች። ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ ለአንድ ንግሥ ሁለት ሻንጣ የሚይዝ ሰው እንደሌለ ሰፈሩ በደቂቃ ውስጥ ገባው። ጽጌ ምነው ከሳሽ አላለቻትም፣ ፀጉርሽን ለምን ቆረጥሽ አላለቻትም። ዘምዘም ብቻ በግንቡ በኩል «ከስታለች!» ብላ ጮኸች።

በንግሡ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ኒቆዲሞስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከተፍ አሉ። የዳዊት እናት ከአዲስ አበባ ደውላላቸዋለች። ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉን አቋርጠው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጃችን ሜሮን» አሉ፣ «ትዳር ማለት መታዘዝ ነው። ክርስቲያን ማለትም መታዘዝ ነው። ሴት ለባሏ ስትታዘዝ ለእግዚአብሔር እንደታዘዘች ይቆጠራል።»

ሜሮን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አጎንብሳለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጽጌ በልቧ «አሁን ነው?» ብላ ጠየቀች። እንደተለመደው መልስ የለም።

«ባል ነውና ይቆጣል» ቀጠሉ አቶ ኒቆዲሞስ። «ቢቆጣም፣ እጁ ቢሰነዘርም፣ ዝም ብሎ መታዘዝ ነው ወጉ። ሩቅ ምን አስኬደን? ቲቸር ጽጌ ይኸው የነፍስ አባታቸው ዝም በሉ ቢሏቸው ያለ አንዲት ቃል ታዝዘው የለም? ከእናትሽ ተማሪ!»

ሜሮን ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ያ አስተያየት ጥያቄ ነበረበት፤ ጽጌም ከሰማይ የጠበቀችው መልስ ከልጇ ዓይን የመጣ መሰላት። ተነስታ ቆመች።

«አቶ ኒቆዲሞስ፣ ተሳስተዋል።»

«እኔ ዝም በይ የተባልኩት ምላሴ ሰው ያቆስል ስለነበር ነው። ልጄ ማንን አቆሰለች? የቆሰለችው እሷ ናት። የሚመታው ዝም ይበል፣ እጁን ይሰብስብ የሚል ትእዛዝ ይዘው ቢመጡ እኔው እነሳና ደጃፉ ድረስ አደርስልዎ ነበር። የተመታው ዝም ይበል የሚለውን ግን ማን ነው ያዘዘዎት? እግዚአብሔር ነው ወይስ የዳዊት እናት?»

«ቲቸር፣ እኛ ለማስታረቅ...»

«ለማስታረቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ ምን ሆንሽ ብሎ ይጠይቃል። ከገቡ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋታል?»

አልጠየቋትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት፣ «እሱስ እውነት ነው» ብለው አጉረመረሙ። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ጽጌ ግን ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ያጠራቀመችው ነበራት። የእሁዱን ንግግር ማሰሪያ አንቀጽ አነሳች። ምንጣፉ ላይ ያለውን ጫማ አነሳች። «መታዘዝ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ እንደተጠቀሙና በሦስቱም የተለየ ነገር ማለታቸው እንደነበር አስረዳች። አቶ ኒቆዲሞስ በመጨረሻ ባርኔጣቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ከግንቡ ማዶ አንድ ድምፅ «ማሻአላህ!» ሲል ተሰማ።

በሩ ሲዘጋ እናትና ልጅ ተያዩ።

«አበዛሁት?» አለች ጽጌ።

«የጫማው ይቅር ነበር» አለች ሜሮን። ከዚያ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ እየሳቀች አለቀሰች፤ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ ጽጌ የቱ እንደሆነ ለመለየት አልሞከረችም።

በሳምንቱ ለኡራኤል ተናዘዘች። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማት።

«ሲናገሯቸው ምን ተሰማዎት?»

«መጀመሪያ ፍርሃት። በኋላ ግን ደስ አለኝ። በጣም።»

«በመጀመሪያው ንስሐ አያስፈልግዎትም» አላት። «በሁለተኛው ያስፈልግዎታል። አቶ ኒቆዲሞስን ስለ ጫማው ይቅርታ ይጠይቁ። ስለ ሌላው አይጠይቁ።»

ጠየቀቻቸው። እሳቸው ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ሰላምታዋን ግን እስከ ጥር መጨረሻ አልመለሱም። ሜሮን አዲስ አበባ አልተመለሰችም፤ በጥር ወር አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ሥራ አግኝታ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ፈላና በር ትመጣለች። አንዳንዱ እሁድ በጭቅጭቅ ያልፋል፤ ሜሮን በሩን ጠርቅማ የወጣችበትም ቀን ነበር። ግን በማግስቱ ራሷ ደውላ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ ስለነበር እናቷ አብራት እንድትሄድ ጠየቀቻት። ሁለቱ በአብዱላሂ ባጃጅ ሄዱ፤ ከሰማያዊውና ከቢጫው የቱ እንደሚሻል ሳይስማሙም ሁለቱንም ገዝተው ተመለሱ።